ከትምህርት ቤት በፊት ያሉት ዓመታት፦ መስማት ለተሳናቸው ሕጻናትና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጠው ድጋፍ ከጀልዴሳ ሲታይ

ጀልዴሳ ከሐረር ወደ ዘይላ የሚወርደው የግመል ቅፍለት የሚያርፍባትና ቀረጥ የሚከፈልባት ጣቢያ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ንግዱ ወደ ሐዲዱ ዞረ፤ ጀልዴሳም ከዋናው መስመር ቀረች። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ክላስተሮች አንዷ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ሲሆን ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆነው ከተሜ ነበር። ሆስፒታሉም፣ ቢሮውም፣ አብዛኛው የእርዳታ ድርጅትም ያለው ከተማው ውስጥ ነው።

መስማት የተሳናቸው ሕጻናት ድጋፍ በኢትዮጵያ ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት በር ነው፦ ልዩ ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ አካቶ፣ ማለትም ከሚሰሙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል መማር? ነገሩ ከጀልዴሳ ሲታይ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ሕጻኑ ተወልዶ ትምህርት ቤት እስኪገባ ባሉት ስድስትና ሰባት ዓመታት ቋንቋ የሚያደርስለት ማን ነው? ይህ ዳሰሳ የጉዳዩን አመጣጥ፣ ዋና ዋና አቋሞቹንና የቆሙበትን ማስረጃ ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል።

መለየት ያለባቸው ነገሮች

«መስማት የተሳነው» በሚለው መጠሪያ ሥር የተለያዩ ሕጻናት ይጠቃለላሉ። ሲወለድ ጀምሮ የማይሰማ አለ። አራትና አምስት ዓመት ሞልቶት፣ አፉን ከፈታ በኋላ፣ በማጅራት ገትር መስማቱን ያጣ አለ። ጆሮው እየመገለ ግማሽ በግማሽ የሚሰማም አለ። ሁለተኛው ልጅ ቋንቋ ይዟል፤ የጎደለው መስሚያው ነው። ሦስተኛው በጊዜ ከታከመ መስማቱ ሊተርፍ ይችላል። የመጀመሪያው ግን በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ጨርሶ አይደርሰውም። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ድጋፍ ማሰብ በዚህ መስክ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው።

«ማኅበረሰብ» የሚለውም እንዲሁ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው ጎረቤቱ፣ ዘመዱና ጎሳው ነው። ሁለተኛው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው በምልክት ቋንቋ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ሦስተኛው «ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ» የሚባለው፣ ሠራተኛ ቤት ለቤት እየሄደ አገልግሎት የሚሰጥበት አሠራር ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ችግሩ በገጠር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ መሆኑ ነው።

አመጣጡ፦ ከሚስዮን አዳሪ ቤት እስከ ማኅበር

በኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸውን በዘመናዊ መንገድ ማስተማር የተጀመረው በሚስዮናውያን ነው። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ቸርች ኦፍ ክራይስት ሚስዮናውያን በአዲስ አበባ መካኒሳ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አልፋ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ፣ ቆየት ብሎም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና የከፈተችው ትምህርት ቤት ተከተሉ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የዚህ ታሪክ አሻራ አለበት፤ አገር በቀል ምልክቶች ከአሜሪካና ከሰሜን አውሮፓ ከመጡት ጋር ተዋሕደውበታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሚስዮን እጅ ወደ ባለቤቶቹ መሸጋገር ጀመረ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዘመን የአማርኛን ፊደል በእጅ የሚያሳይ የጣት ፊደል ተበጀ፣ የምልክት መዝገበ ቃላትም ታተመ። የጣት ፊደሉ አሠራር ልብ ሊባል ይገባል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያመለክታል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ይለያል። «በ» እና «ቦ» በአንድ የእጅ ቅርጽ ይሠራሉ፣ የሚለያዩት በእንቅስቃሴያቸው ነው። ፊደሉን የሚያውቅ ሰው የእጁንም አካሄድ ቶሎ ይይዘዋል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ሲጀምር ቋንቋው የጥናት መስክ ሆነ። ኢያሱ ኃይሉ ስለ ቋንቋው አጠቃቀምና ሰዎች ስለ ቋንቋው ስላላቸው አመለካከት ያጠናው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በጋላዴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ ወጥቷል።

በሕግ በኩል የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ እንዲመድብ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አገሮች የምልክት ቋንቋን መማር እንዲያመቻቹና መስማት የተሳነውን ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት እንዲያጎለብቱ ያስገድዳል። ሆኖም የምልክት ቋንቋ በሕገ መንግሥቱ በስም አልተጠቀሰም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ኬንያም በ2010 በየሕገ መንግሥቶቻቸው ጠቅሰውታል።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ካርታ ሲዘረጋ አዲስ አበባና ጥቂት የደቡብና የመሐል አገር ከተሞች ይደምቃሉ። ምሥራቁ ዘግይቶ የደረሰ ነው፤ የምሥራቅ ገጠርም ከምሥራቅ ከተማ ይዘገያል።

ስንት ናቸው?

ማንም ዕቅድ አውጪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ አስተማማኝ ያልሆነውም እሱ ነው። የ1987 ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ ከመቶ ሁለት ያህል አደረጋቸው። የ1999ኙ ወደ አንድ ገደማ አወረዳቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዘገባ ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 ከመቶ የሚል ግምት ይዞ መጣ።

ልዩነቱ ከአጠያየቅ የመጣ ነው። «በቤትዎ አካል ጉዳተኛ አለ?» የሚል ጥያቄ የሚይዘው በግልጽ የሚታየውን ጉዳት ነው፤ እፍረት ባለበት ቤት ያንንም አይዝም። «ለመስማት ምን ያህል ይቸገራሉ?» የሚለው በደረጃ ስለሚጠይቅ ብዙ ሰው ይይዛል። መስማት አለመቻል ከውጭ አይታይም፤ የሁለት ዓመት ሕጻን አለመናገሩ «አፉ ዘገየ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ በቆጠራ ከሚደበቁት ጉዳቶች ፊተኛው ይህ ነው። ለአንድ ገጠር ክላስተር የአገር አቀፉን መቶኛ በሕዝቡ ብዛት አባዝቶ ዕቅድ ማውጣት አያዋጣም፤ ቤት ለቤት መለየት የግድ ይላል።

አንደኛው አቋም፦ ጆሮን ማዳን

የሕክምናው ወገን መነሻው መከላከል ነው፤ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የመስማት ዘገባ በሕጻናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 ከመቶ ያህሉን መከላከል ይቻላል ይላል። ኩፍኝ፣ ሩቤላ፣ ማጅራት ገትር፣ የወሊድ ጊዜ ችግሮች፣ ሥር የሰደደ የጆሮ ምግል፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ጆሮን የሚጎዱ መድኃኒቶች ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የኒሞኮካል ክትባትን ወደ መደበኛ ክትባት ማስገባቷ፣ ቀጥሎም በኤ ዓይነት ማጅራት ገትር ላይ ዘመቻ ማካሄዷ የመስማት ፕሮግራም ተብሎ ባይመዘገብም የብዙ ሕጻናትን ጆሮ የሚታደግ ሥራ ነው።

ለገጠር ጤና ተቋም ቅርቡ ሥራ የጆሮ ምግል ነው። የተቀናጀ የሕጻናት ሕመም ሕክምና መመሪያ ምግሉ ከ14 ቀን በታች ከሆነ ጊዜያዊ፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥር የሰደደ ብሎ ይለያል። በሁለቱም ጊዜ እናቲቱ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠቅልላ በጆሮው ውስጥ እያስገባች፣ ጨርቁ ሲርስ እየለወጠች፣ ጆሮው ደረቅ እስኪሆን ማድረቅ ትማራለች። ለጊዜያዊው የሚዋጥ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታከልበታል፣ ሥር ለሰደደው የጆሮ ጠብታ። ጨርቅና ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ከጆሮ ሐኪም ውጭ የሚሠራ ነገር ነው። ዘይት ወይም ሌላ ፈሳሽ በሚመግል ጆሮ ማንቆርቆርን ማስቀረትም የዚሁ ትምህርት አካል ነው።

የዚህ ወገን ክርክር የሚሳሳው ከመከላከል ወደ መሣሪያ ሲሻገር ነው። የመስሚያ መሣሪያ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ እርዳታ አይደለም። በጆሮው ልክ ተቀርጾ የሚገጠመው መሰኪያ ሕጻኑ ባደገ ቁጥር ይቀየራል። ለከባድ ጉዳት የሚሆነው መሣሪያ ባትሪ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልቃል። ሙቀት፣ ላብና አቧራ ዕድሜውን ያሳጥሩታል፤ የጀልዴሳ ቆላ ሦስቱም አለበት። በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ (ኮክሌር ኢምፕላንት) ደግሞ ቀዶ ሕክምና፣ ማስተካከያና የዓመታት የንግግር ሥልጠና ይፈልጋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ሕጻኑ በተወለደ በ1 ወር ውስጥ እንዲመረመር፣ በ3 ወር ጉዳቱ እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወር ድጋፍ እንዲጀመር ነው። ይህ ሰንሰለት ወሊድ በሆስፒታል በሆነበትና መመርመሪያው በተሟላበት አገር የተነደፈ ነው። የመከላከሉን ማስረጃ ይዞ የመሣሪያውን ተስፋ ማስፋፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማምታታት ይሆናል።

ሁለተኛው አቋም፦ አካቶ ወይስ ልዩ ትምህርት ቤት

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሳላማንካ መግለጫ አካቶን ዓለም አቀፍ አቅጣጫ አደረገው። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣች፣ በ2004ም አሻሽላ አካቶን ይበልጥ አጎላችው። በዚህ ጉዞ ፊንላንድ የረዥም ጊዜ ደጋፊ ነበረች። የተሻሻለው ስትራቴጂ በአንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ መስጫ ማዕከል ተቋቁሞ፣ ተዘዋዋሪ መምህራን በዙሪያው ያሉትን እንዲያገለግሉ ያስባል።

የአካቶ ደጋፊዎች ክርክር ሁለት እግር አለው። አንደኛው መብት ነው፦ ልጅ ከወንድሞቹና ከሰፈሩ ልጆች ተለይቶ መማር የለበትም። ሁለተኛው ርቀት ነው፦ ልዩ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ የገጠር ቤተሰብ ልጁን ወደ ሩቅ አዳሪ ቤት አይሰድም፣ ሴት ልጁንማ ጨርሶ።

ተቃራኒው ወገን የሚመልሰው መስማት የተሳነውን ልጅ ከሌሎቹ በሚለየው ነገር ነው። ማየት የተሳነው ልጅ የመምህሩን ንግግር ይሰማል፣ ጓደኞቹንም ያጫውታል። መስማት የተሳነው ግን ምልክት በማይችል ክፍል ውስጥ ከሃምሳ ልጅ ጋር ተቀምጦ ብቻውን ነው። የሳላማንካው መግለጫ ራሱ ይህን አውቆ፣ መስማት ለተሳናቸው ልዩ ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ክፍል ይበልጥ ሊስማማ እንደሚችል ጽፏል። የአካቶ ፖሊሲ ሲጠቀስ ይህ አንቀጽ አዘውትሮ ይዘለላል።

የሁለቱን ወገኖች ማስረጃ አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ ውጤቱን የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ስም አለመሆኑ ይታያል። በክፍሉ ውስጥ በምልክት አቀላጥፎ የሚያስተምር ሰው መኖሩና ከአንድ በላይ መስማት የተሳናቸው ልጆች መገናኘታቸው ነው የሚወስነው። በኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማናጓ ውስጥ ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ፣ መምህራኑ ምልክት ሳያስተምሯቸው፣ እርስ በርሳቸው አዲስ የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። ልጆች ከተገናኙ ቋንቋ ያበቅላሉ፤ በየቀበሌው አንድ አንድ ሆነው ከተበተኑ አያበቅሉም። የገጠር አካቶ ዋና ፈተናም ይኸው መበታተን ነው።

ሦስተኛው አቋም፦ ቋንቋውን ወደ ቤት

መስማት ከተሳናቸው ሕጻናት ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ከሚሰሙ ወላጆች እንደሚወለዱ የአሜሪካ መረጃ ያሳያል። እናትና አባት የልጃቸውን ቋንቋ አይችሉም ማለት ነው። በቤት ውስጥ ለመብላት፣ ለመጠጣት፣ ለፍየልና ለውኃ የሚሆኑ የቤት ምልክቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ለዕለት ኑሮ ይበቃሉ፤ «ነገ»ን፣ «ለምን»ን፣ «ቢሆን ኖሮ»ን ግን በቅጡ አያስኬዱም። የቋንቋ ተመራማሪዋ ሬቸል ሜቤሪ በሠራቻቸው ጥናቶች መሠረት የመጀመሪያ ቋንቋቸውን ዘግይተው ያገኙ ሰዎች፣ ምልክት ለዓመታት ቢጠቀሙም፣ የሰዋስው ክፍተቱ እስከ ጉልምስና ይከተላቸዋል። በአንጻሩ አፋቸውን ከፈቱ በኋላ መስማት ያጡት ምልክትን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ በተሻለ ሁኔታ ይለምዳሉ። ጉዳቱን የሚያመጣው የጆሮው መዘጋት ብቻ ቢሆን ይህ ልዩነት ባልታየ ነበር።

ከዚህ የሚነሳው አቋም ድጋፉ በቤት ይጀመር ይላል፦ መስማት የተሳነው አዋቂ ሰው በየጊዜው ወደ ቤተሰቡ ይሂድ፤ ወላጆችን፣ እህት ወንድሞችን፣ አያቶችን ምልክት ያስተምር። በአሜሪካ ዩታ የተሞከረው እንዲህ ያለ አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት፣ መምህር የተመደበላቸው ሕጻናት በቃላትና በሰዋስው ካልተመደበላቸው እንደሚሻሉ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከሜቤሪ ግኝት ጋር ይገጥማል።

በኢትዮጵያ ቤት ለቤት የመሄድ ልምድ አዲስ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የገጠሩን ቤት በር በበር ያውቁታል። ቸሻየር አገልግሎት ኢትዮጵያም ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ ይዞ ቆይቷል፤ ከመነሻው ግን ትኩረቱ የእንቅስቃሴ ጉዳት ነው። ክራንችና ጫማ የሚያደርስ አሠራር ቋንቋ ለማድረስ እንዳለ አይገለበጥም። ክራንች በአንድ ጉብኝት ይሰጣል፤ ቋንቋ ግን በወራት ምልልስ የሚገነባ ነው።

የትኛው ምልክት?

ድሬዳዋ ላይ ሲደረስ ሁሉም አቋሞች የሚሸሹት ጥያቄ ይመጣል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል የተሠራው ለአማርኛ ነው። በአስተዳደሩ ገጠር ግን ቤተሰቡ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው፤ ሁለቱም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ ትምህርቱም በእነሱ ይሰጣል። ልጁ በምልክት የሚያየው ቃል፣ በጣት የሚጻፍለት ፊደልና በደብተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የተለያዩ ይሆኑበታል።

ድንበሩን ሲሻገሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጣሊያናዊቷ አናሌና ቶኔሊ በኬንያ ዋጅር ከሠራች በኋላ በሶማሌላንድ ቦረማ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከፍታለች። በሶማሌዎች ዘንድ የተስፋፋው ምልክት በዚህ መንገድ ከኬንያ ምልክት ቋንቋ ጋር ዝምድና አለው። የጀልዴሳ የድሮ ንግድ መስመር ወደ ዘይላ ያመራል፤ በአካባቢው የሚኖረው የኢሳ ሶማሌ ዘመድም ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ነው። ለኢሳ ልጅ የሚቀርበው የትኛው ነው? የአዲስ አበባው ምልክት ወደ ማኅበሩ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲውና ወደ አስተርጓሚው ይወስደዋል። የቦረማው ወደ ዘመዶቹ አገር ይወስደዋል።

አንደኛው ወገን አንድ ብሔራዊ ምልክት ይኑር፣ የላቲን የጣት ፊደል ይጨመርበት ይላል። ሌላው ምልክት ቋንቋ የአማርኛ ጥላ ስላልሆነ ከየትኛውም ጽሑፍ ጋር ሊሄድ ይችላል፣ ችግሩ የመጽሐፍና የመምህር ነው ይላል። የሁለተኛው ክርክር በቋንቋ ጥናት በኩል ትክክል ነው፤ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ሆኖም መምህሩ የሠለጠነው በአማርኛ በኩል ከሆነ የቋንቋ ጥናቱ እውነት ክፍል ውስጥ አይረዳም።

ጎረቤቱ ምን ይችላል?

በሐረርና በድሬዳዋ አፎሻ አለ፣ እድርም አለ፤ በገጠሩ የጎሳ ትስስር አለ። እነዚህ ለቀብር፣ ለሕመምና ለድርቅ ይደርሳሉ። ለልጅ ቋንቋ የሚያወጡት ገንዘብም ጊዜም ግን በልማዳቸው የለም። በዚያ ላይ የአካባቢው ባህል በቃል የቆመ ነው። የኢሳ ሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ሄር ኢሳ፣ በሽማግሌዎች ንግግር የሚሸመገልና በቃል የሚተላለፍ ነው። የቁርኣን ትምህርትም በማዳመጥና በመቅራት ይጀምራል። ማኅበረሰቡ ልጁን ሳይጠላው፣ እየመገበውና እየጠበቀው፣ ከንግግሩ ግን ውጭ ሊያስቀረው ይችላል።

ሌላ መንገድ እንዳለም የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በኔጌቭ በረሃ የአል ሰይድ በደዊን ማኅበረሰብ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ስለበዙበት፣ ከሚሰሙትም ብዙዎቹ ምልክት ይችላሉ፤ የራሱ የምልክት ቋንቋ ካደገ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ይህ የሆነው ቁጥሩ ስለበዛ ነው፤ አንድ ሁለት ልጅ ባለበት ቀበሌ በራሱ አይሆንም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አርብቶ አደርነትና በቃል ባህል መኖር ምልክትን እንደማያግዱ ነው።

ያልተቋጩት

አራት ነገሮች ክፍት ናቸው። ቤት ለቤት የሚሄደውን መስማት የተሳነው መምህር ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው፣ ጤና፣ ትምህርት ወይስ ማኅበራዊ ጉዳይ? ሦስቱም የጉዳዩ ባለቤት ናቸው፣ አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አይደሉም። ሕጻናቱን በአንድ ማዕከል መሰብሰብና ከቤተሰብ አለመለየት እንዴት ይታረቃሉ? ከብት ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ የትኛው ወቅት ይመቻል? የምልክቱስ ምርጫ የማን ውሳኔ ነው፣ የቢሮው፣ የማኅበሩ ወይስ የወላጁ?

ማስረጃው እነዚህን አይመልስም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ያመለክታል። ምግልንና ክትባትን መከታተል አሁን ባለው የጤና መዋቅር ሊሠራ ይችላል፤ የሚዘገይበት ምክንያት የለም። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪና ጥገና ተከታታይ ሆኖ በማይደርስበት ቦታ የመጀመሪያ ተስፋ ሊሆን አይገባም። የልዩና የአካቶ ክርክር ልጁ ያለ ቋንቋ ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ ማንም ቢያሸንፍ ፋይዳው ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ አስተዳደር ለገጠሩ ያለው ብር ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ የጥናቶቹ ሚዛን የሚያደላው ምልክት የሚችል፣ የቤተሰቡን ቋንቋ የሚያውቅና ራሱ መስማት የተሳነው አንድ ሰው በደመወዝ ቀጥሮ በየክላስተሩ እንዲዞር ወደ ማድረጉ ነው። ይህን ሰው ከከተማው የሚያስወጣው መንገድና የሚቀጥረው መደብ እስካሁን የየትኛውም ቢሮ ዋና ሥራ አልሆነም።